መደንዘዝን ችሎ ማለፍ ምርመራን አይተካም

ሰሞኑን የካንሰር ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ኬሞቴራፒ ስለሚያመጣው የእጅና የእግር መደንዘዝ የሚያወራ ነው። ጸሐፊው ታካሚዎችን ለማጽናናት እንደተነሡ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። መልእክታቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ መደንዘዙ መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ሕክምናው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ የነርቭ መመርመሪያ መሣሪያ በሌለበት ጉዳቱን ማወቅም ሆነ መመዘን አይቻልም፤ የጠናበት ሰው እንደሆነ ራሱ ይናገራል፤ ደጋግሞ የሚናገር ሰው ግን መድኃኒቱ ይቀነስበትና ካንሰሩ ይመለስበታል፤ ስለዚህ የቢ ቪታሚን እየወሰዱ ችሎ ማለፍ ይሻላል።

እኔ ኬሞቴራፒ ከሚሰጡ ነርሶች አንዷ ነኝ። ጽሑፉን ያነበቡ ታካሚዎች «እንግዲህ ዝም ማለት ነዋ» ሲሉ በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው ብዕር ያነሣሁት። ነጥቦቹን በቅደም ተከተል አነሣለሁ፤ አንዳንዶቹ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዶቹን በጥቂት ቃል አልፋለሁ።

መደንዘዝ መድኃኒቱ ካንሰሩን እየመታ ለመሆኑ ማስረጃ ነው የሚለው አባባል በየተራ መጠበቂያው ይሰማል፤ ጸሐፊው የፈጠሩት አይደለም። እውነት ግን አይደለም። ለጡት ካንሰር በብዛት የሚሰጠውን ፓክሊታክስልን እንመልከት። በሴል ውስጥ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። የካንሰር ሴል ለመከፋፈል እነዚህን ቱቦዎች ማፍረስና እንደገና መሥራት አለበት፤ ፓክሊታክስል ቱቦዎቹ እንዳይፈርሱ አድርጎ ስለሚያስራቸው ሴሉ መከፋፈል ያቅተዋል። የነርቭ ሴል አይከፋፈልም፤ ነገር ግን እነዚያኑ ቱቦዎች ለሌላ ሥራ ይፈልጋቸዋል። በሴሉ እምብርት የተሠራው ምግብና መጠገኛ እስከ ነርቩ ጫፍ የሚጓዘው በእነርሱ ላይ ነው። የእግር ጣትን ስሜት የሚያመጣው ነርቭ እምብርቱ ወገብ አካባቢ፣ ከአከርካሪ አጥንት ጎን ይገኛል፤ ጫፉ ግን ጣት ላይ ነው። በአዋቂ ሰው ወደ 1 ሜትር ይረዝማል። የውሃ ግፊት ሲቀንስ መጀመሪያ ውሃ የሚያጣው ከመሥመሩ ጫፍ ያለው ቤት እንደሆነ ሁሉ፣ ጉዳቱም ከእግር ጣቶች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ እያለ ሲሄድ የእጅ ጣቶችም ይከተላሉ። ካልሲና ጓንት የሚሸፍኑትን ቦታ ይዞ፣ በሁለቱም ወገን እኩል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሲስፕላቲንና ኦክሳሊፕላቲን የሚባሉት የኬሞ መድኃኒቶች በሌላ መንገድ ይመጣሉ። እነርሱ የሚመቱት የነርቩን እምብርት ራሱን ነው። አንጎልን በደም ውስጥ ካለ መርዝ የሚከላከለው አጥር ከአከርካሪ ጎን ያሉትን የስሜት ነርቭ እምብርቶች አይሸፍናቸውም፤ መድኃኒቱ ዘልቆ ይገባል። እምብርቱ የሞተ ነርቭ ደግሞ መልሶ አይበቅልም። እንግዲህ መደንዘዙ የሚነግረን ስለ ነርቩ ብቻ ነው። ስለ ዕጢው የሚነግረን የሐኪሙ ምርመራ፣ ሲቲ ስካኑና የላቦራቶሪ ውጤቱ ነው። ጣታቸው ምንም ሳይሆን ዕጢያቸው የጠፋ አሉ፤ እግራቸው ደንዝዞ ዕጢያቸው ያደገም አሉ። መደንዘዝን እንደ ምሥራች የተቀበለ ሰው ለሐኪሙ የሚነግርበት ምክንያት አይኖረውም፤ የዚህ አባባል ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ሕክምናው ሲያልቅ መደንዘዙም ያልቃል በሚለው ነጥብ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። ኦክሳሊፕላቲን በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ የሚመጣ ስሜት አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ወይም የበር እጀታ ሲነኩ ጣት ይነዝራል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲጠጡ ጉሮሮ የተዘጋ ይመስላል፤ መንጋጋ ይጨመደዳል። መድኃኒቱን ከሚወስዱት አብዛኞቹ ያዩታል። እውነት ነው፣ ይህኛው ባብዛኛው በቀናት ውስጥ ይለቃል። ለብ ያለ ውሃ መጠጣት፣ ጠዋት ጠዋት ጓንትና ካልሲ ማድረግ፣ ብርድ ባለበት አፍንጫንና አፍን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን ይረዳል። ከጉሮሮው ስሜት ጋር የቆዳ ሽፍታ፣ የፊት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማፏጨት ከመጣ ግን አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መነገር አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ዙር በዙር የሚጠራቀም ነው። ብርድ አያስፈልገውም፤ በሞቃት አልጋ ውስጥም ይኖራል። ሲስፕላቲን በድምሩ በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 300 ሚሊ ግራም ካለፈ በኋላ፣ ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ ወደ 800 ሲጠጋ ብዙ ሰው ላይ ጎልቶ ይወጣል። ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ነገር ደግሞ አለ፦ በእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች የመጣ ጉዳት መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለተወሰኑ ወራት እየባሰ ሊሄድ ይችላል። ሦስት ወር ከዚያም በላይ። ይህን ያልተነገራት ሴት የመጨረሻውን ዙር ጨርሳ፣ «አለቀልሽ» ተብላ ተመርቃ ቤቷ ከገባች በኋላ መደንዘዙ ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ባቷ ሲወጣ ምን ታስባለች? ካንሰሩ ወደ አከርካሪዬ ሄደ ብላ ታስባለች። እንቅልፍ ያጡ፣ ስለትና ጸሎት የገቡ፣ ለቤተሰብ ሳይናገሩ ለወራት ሞታቸውን የጠበቁ ሰዎች አውቃለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ቢነገራቸው ይበቃ ነበር።

ቁጥሩንም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና ከ4,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉባቸውን 31 ጥናቶች ያጣመረ ትንተና እንደሚያሳየው፣ ነርቭ የሚጎዳ ኬሞቴራፒ ከወሰዱት ውስጥ ሕክምናው ካለቀ በመጀመሪያው ወር 68 በመቶው፣ በሦስተኛው ወር 60 በመቶው፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ 30 በመቶው የነርቭ ጉዳት ነበረባቸው። አዎን፣ ብዙዎች ይሻላቸዋል። ከሦስት አንድ ገደማ የሚሆነውን ሰው ግን «ያልቃል» በሚል ቃል ማሰናበት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ከካንሰር የዳኑ ሴቶችን ሕክምናቸውን ከጨረሱ በአማካይ ከ6 ዓመት በኋላ ጠይቆ፣ 47 በመቶዎቹ ምልክቱ አሁንም እንዳለባቸው አግኝቷል። እነዚህ ሴቶች ምልክት ከሌለባቸው ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጋ ነበር። በእኛ አገር ደረጃ፣ በድንጋይ ንጣፍና ባልተስተካከለ መንገድ ላይ መውደቅ ምን እንደሚያስከትል ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ያስቆጨኝ የመሣሪያው ጉዳይ ነው። ጸሐፊው የነርቭ ፍጥነት መለኪያ ማሽን ያለባቸው ቦታዎች ጥቂት መሆናቸውን ያነሣሉ፤ ትክክል ናቸው። ከዚያ ተነሥተው ያለ ማሽኑ ምንም ማወቅ አይቻልም ይላሉ፤ እዚህ ላይ ግን ስተዋል። ማሽኑ በቆዳ ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጥቶ ነርቩ ምን ያህል እንዳስተላለፈ ይመዘግባል። የሚያነበው ግን ወፋፍራሞቹን፣ ፈጣኖቹን ነርቮች ነው። ሕመምንና ሙቀትን የሚያመጡትን ቀጫጭን ነርቮች አያያቸውም። እግሩ ሌሊቱን እንደ ፍም ሲያቃጥለው ያደረ ሰው ማሽኑ ላይ ተኝቶ «ደህና ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ደግሞም ከኬሞቴራፒው በፊት የተለካ ነገር ከሌለ፣ ከነበረው ግማሹን ያጣ ነርቭ አሁንም በጤነኛ ሰዎች ልኬት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ማሽኑ የሚፈለግበት ቦታ አለ፤ ድክመቱ ከመደንዘዙ ሲበልጥ፣ አንድ ወገን ብቻ ሲጠቃ፣ በቀናት ውስጥ በፍጥነት ሲወጣ፣ ሌላ የነርቭ በሽታ ሲጠረጠር። ለተለመደው ጉዳት ግን ዋናው መመርመሪያ ጥያቄና ጣት ነው።

ጥያቄው «ይደነዝዝሃል?» ብቻ መሆን የለበትም። ሰው የሚሰማውን በብዙ መንገድ ይናገራል፤ ይነዝረኛል፣ ይወረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ እሳት እሳት ይለኛል፣ ጥጥ ላይ የምሄድ ይመስለኛል። ሁሉም ተቀባይነት ያለው መልስ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ኑሮው ነው። ነጠላ ጫማ ከእግርዎ ሲወልቅ ያውቁታል ወይስ ወደ ኋላ ሲያዩ ነው የሚያገኙት? የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል? ከኪስ ውስጥ ሳያዩ ሳንቲሙን ከቁልፍ ይለያሉ? ቆሎ ከሳህን ሲያነሡ ይበተንብዎታል? ፊትዎን ሲታጠቡ፣ ዓይንዎን በጨፈኑበት ቅጽበት፣ ይንገዳገዳሉ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይነግረናል። እግር የት እንዳለ ለአንጎል መንገር ሲያቆም ዓይን ሥራውን ይሸፍናል፤ ዓይን ሲጨፈን ወይም ሌሊት መብራት ሲጠፋ የሚደግፍ ነገር ይጠፋል። ሐኪም ታካሚውን እግር አግጥሞ፣ ዓይን አስጨፍኖ የሚያቆመው ይህንኑ ለማየት ነው።

ቀጥሎ ጫማና ካልሲ ይወልቃል። አስቀድሜ የማየው ቁስል ነው፤ በጣቶች መካከል፣ በተረከዝ፣ በእግር መዳፍ። ከዚያ ቱኒንግ ፎርክ የሚባለው ባለ ሁለት ጥርስ ብረት ይመጣል፤ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው በሴኮንድ 128 ጊዜ የሚርገበገበው ነው። መታ አድርጌ መጀመሪያ ደረት አጥንት ላይ አሳርፈዋለሁ፤ ታካሚዋ ንዝረቱ ምን እንደሚመስል እንድታውቅ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና በእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ አጥንት ላይ አቆመዋለሁ። «ሲቆም ንገሪኝ» እላታለሁ። «ቆመ» ባለችበት ቅጽበት ብረቱን አንሥቼ በራሴ አውራ ጣት አንጓ ላይ አደርገዋለሁ። እኔ ጋ አሁንም እየተርገበገበ ከሆነ እርሷ ያጣችው ነገር አለ። ቁርጭምጭሚት ላይ እደግመዋለሁ፣ ከዚያ ቅልጥም ላይ፣ ከዚያ ጉልበት ላይ፤ ስሜቱ ከየት ጀምሮ እንደሚመለስ በካርዷ ላይ እጽፋለሁ። የብረቱ ቅዝቃዜ ራሱ ሌላ ምርመራ ነው፤ ጎኑን ከእግሯ ጀርባ ላይ ሳሳርፈው ቀዝቃዛ መሆኑ ይሰማታል? በንጹሕ ስንጥር ጫፍ ነካ ሲደረግስ ይዋጋል ወይስ ይደንዛል? ለስኳር ሕመምተኞች እግር የሚያገለግለው ሞኖፊላመንት፣ በ10 ግራም ግፊት የሚጎብጠው ቀጭን ክር፣ ካለ እርሱም ጥሩ ነው። ሐኪሙ ደግሞ በመዶሻ የተረከዝ ጅማትን መታ አድርጎ እግሩ ይመልስ እንደሆነ ያያል፤ በሲስፕላቲንና ቪንክርስቲን በሚባለው ሌላ የኬሞ መድኃኒት ይህ ምላሽ ቀድሞ ከሚጠፉት ነው። በመጨረሻ በተረከዝ ብቻ ማስኬድ ነው፤ የእግሩ ፊት የሚወድቅበት ሰው እዚያ ይታወቃል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም።

መመዘንን በተመለከተ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ያወጣው የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ባጭሩ፣ ደረጃ 2 ማለት ምግብ ማብሰልን፣ ገበያ መሄድን፣ ስልክ መጠቀምን የመሳሰሉ ሥራዎችን የሚያውክ፤ ደረጃ 3 ማለት መልበስን፣ መታጠብን፣ መብላትን የሚያውክ ማለት ነው። ጠቃሚ ነው፤ ግን ሰው ይጠፋበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ሁለት ሐኪሞች እነዚያኑ ታካሚዎች በእነዚያው መለኪያዎች መርምረው ብዙ ጊዜ የተለያየ ደረጃ ሰጥተዋል። ምክንያቱ አይገርምም፤ «የሚያውክ» ምን ማለት እንደሆነ በታካሚው ኑሮ ይወሰናል። የጣት ጫፍ መደንዘዝ ለአንድ የቢሮ ሠራተኛ ደረጃ 1 ሊባል ይችላል፤ ለሸማኔ ወይም ለጥልፍ ሠሪ ግን እንጀራው ነው። ስለዚህ የታካሚውን የራሱን መልስ የሚቆጥሩ መጠይቆች ተዘጋጅተዋል። የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ያወጣው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ዘጠኙን ለስሜት፣ ስምንቱን ለእንቅስቃሴ፣ ሦስቱን ከተቀመጡበት ሲነሡ እንደ ማዞር ላሉ፣ ከፈቃድ ውጭ ከሚሠሩ ነርቮች ለሚመጡ ምልክቶች ሰጥቷል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ«በፍጹም» እስከ «እጅግ በጣም» የሚመለስ ነው። ከዙር ወደ ዙር ያ ቁጥር ሲወጣ ማየት የትኛውም ማሽን ከሚሰጠው ይበልጥ ለውሳኔ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ከተጀመረ ነው። ስኳር ያለበት፣ አልኮል የሚያዘወትር፣ ለሳምባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ የወሰደ፣ ከዓመታት በፊት ለኤችአይቪ ስታቩዲን ሲሰጥ በነበረበት ጊዜ የጀመረ ሰው ነርቩ አስቀድሞ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። በቤተሰብ የሚወረስ የነርቭ በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ በትንሽ ቪንክርስቲን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። መነሻው ካልተጻፈ፣ በኋላ የሚገኘው ጉዳት የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም።

ወደ አራተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የጠናበት ሰው ራሱ ይናገራል ወደሚለው። አይናገርም። አንዲት እናት የእጅ ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ይዘው መጡ። ልብሳቸውን ሰብስቤ ክንዳቸውን ለመርፌ ሳዘጋጅ ነው ያየሁት። «ምን ሆነው ነው እናቴ?» አልኳቸው። «እንጀራ ሳወጣ ነው፤ ምጣዱ ነክቶኝ ኖሮ አላወቅሁም» አሉኝ። ካርዳቸውን ገለበጥኩ። በየዙሩ «ምንም ችግር የለም» ተብሎ ተጽፏል። የተጻፈውም ሐሰት አልነበረም። በየዙሩ «እንዴት ነዎት?» ተብለዋል፤ በየዙሩም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለዋል። በሥነ ሥርዓት ያደገ ሰው ለሰላምታ ሌላ ምን ይመልሳል? ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ስጠይቃቸው ግን ጫማቸው እንደሚጠፋባቸው፣ ቡና ሲቀዱ ጀበናው እንደሚያመልጣቸው፣ ሌሊት ግድግዳ እየዳበሱ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። «ይህም ከመድኃኒቱ ነው እንዴ? እኔ እርጅና መስሎኝ» አሉ። ሐኪሙ ያን ቀን የመድኃኒቱን ነገር እንደገና አየው።

ሐኪሞች የሚመዘግቡት ታካሚው ራሱ ቢጠየቅ ከሚናገረው ያነሰ መሆኑ በብዙ አገሮች ጥናቶች ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው፤ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በእኛ ዘንድ ግን የሚጨምርበት አለ። ከሩቅ ክፍለ ሀገር መጥቶ፣ ዘመድ ቤት አርፎ፣ ተራ ጠብቆ የደረሰው ሰው ዙሩ እንዳይዘለልበት ይፈራል። ስለዚህ ይደብቃል። ያ ጽሑፍ ይህን ፍርሃት አጸደቀው፤ በዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መድኃኒት መቀነስ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በሲስፕላቲን በሚድን የዘር ፍሬ ካንሰር፣ በቪንክርስቲን በሚታከም የሕፃናት ሉኪሚያ ሐኪም መጠኑን በቀላሉ አይነካም፤ አይገባምም። ነገር ግን «ከተናገርክ ይመለስብሃል» ማለት ከዚህ እጅግ ይርቃል። ከሁሉ ግልጽ የሆነውን ማስረጃ ላንሣ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኦክሳሊፕላቲን ያለበት ሕክምና ለሦስት ወር ይበቃል ወይስ ስድስት ወር ያስፈልጋል የሚለውን ለመመለስ ከ12,800 በላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር ታካሚዎች የተሳተፉባቸው ስድስት ጥናቶች ተጣምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ታትመዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የነበሩት በሦስት ወሩ ሕክምና 74.6 በመቶ፣ በስድስት ወሩ 75.5 በመቶ ነበሩ። ደረጃ 2ና ከዚያ በላይ የሆነ የነርቭ ጉዳት ግን ፎልፎክስ በሚባለው ቅንብር በሦስት ወር 16.6 በመቶ ሲሆን፣ በስድስት ወር 47.7 በመቶ ደርሷል። ለሁሉም ሰው ሦስት ወር ይበቃል ማለት አይደለም፤ ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ለወጣበት ወይም ብዙ የሊምፍ ዕጢዎች (ንፍፊቶች) ለተነኩበት ሰው፣ በፎልፎክስ ከሆነ፣ ረጅሙ ጊዜ ይመረጣል። ውሳኔው ግን ከታካሚው ጋር የሚመዘን እንጂ በዝምታ የሚዋጥ አለመሆኑን ይህ ጥናት በደንብ ያሳያል።

በዚያ ላይ ሐኪሙ በእጁ ያለው ምርጫ መቀነስና ማቆም ብቻ አይደለም። ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች በተዛመተ የአንጀት ካንሰር ኦክሳሊፕላቲንን ለጊዜው አሳርፎ ሌሎቹን መድኃኒቶች መቀጠልና በኋላ መመለስ ይቻላል። በፓክሊታክስል ፋንታ ነርቭን ያነሰ የሚጎዳው ዶሴታክስል፣ በሲስፕላቲን ፋንታ ካርቦፕላቲን የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዙሩን በአንድ ሳምንት ማራዘምም አለ። እነዚህ በሮች የሚከፈቱት ጉዳቱ ገና በጣት ጫፍ ሳለ ነው። ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ሰው ዘንድ ሲደረስ የሚቀረው ማቆም ብቻ ነው፤ ያኔም ጉዳቱ በራሱ ጊዜ መውጣቱን ሊቀጥል ይችላል። ዝም ያለ ሰው መድኃኒቱን ሙሉ ለመጨረስ ብሎ መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ እንዲቆምበት ያደርጋል።

ስለ ቢ ቪታሚን ጥቂት ቃል ይበቃኛል። እምነቱ የመጣው ከሳምባ ነቀርሳ ሕክምና ይመስለኛል፤ አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው ቢ6 አብሮ ይሰጠዋል፣ በእርግጥም ነርቩን ይጠብቅለታል፤ መድኃኒቱ የሚጎዳው ቢ6ን በማሳጣት ስለሆነ። ፓክሊታክስልና ኦክሳሊፕላቲን የሚጎዱት በዚያ መንገድ አይደለም። በብዛትና ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ቢ6 ራሱ እግርና እጅን ያደነዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ የእንቁላል እጢ ካንሰር ጥናት ላይ ከኬሞቴራፒው ጋር የተሰጠ ከፍተኛ መጠን ያለው ቢ6 የነርቭ ጉዳቱን ቀንሶ የሕክምናውን ውጤት የቆይታ ጊዜ አሳጥሯል። በ2013 ደግሞ 409 የጡት ካንሰር ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት አሴቲል ካርኒቲን የተባለው ማሟያ ጉዳቱን እንዳባባሰ አሳየ። የአሜሪካ የክሊኒክ ኦንኮሎጂ ማኅበር በ2020 ባደሰው መመሪያ ይህን ጉዳት ለመከላከል የሚመከር አንድም መድኃኒት የለም ብሏል። የቢ12 እጥረት ካለ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ያኔ ቢ12 መስጠት ተገቢ ነው። ከመጣ በኋላ ለሕመሙ፣ ለድንዛዜው ሳይሆን ለሕመሙ፣ የሚመከረው ዱሎክሴቲን ብቻ ነው፤ 231 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት 59 በመቶዎቹ ሕመማቸው ቀንሶላቸዋል፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 38 በመቶዎቹ። ያውም በሐኪም ትእዛዝ።

የሚከላከል መድኃኒት ስለሌለ ነው ቀድሞ ማወቅ ይህን ያህል ዋጋ ያለው።

ጸሐፊው ስለ ሕፃናት አንድ መስመር አልጻፉም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ለሉኪሚያ ቪንክርስቲን የሚወስድ የአራት ዓመት ልጅ «ደነዘዘኝ» አይልም። መሮጥ ያቆማል፣ ደረጃ ላይ ይሰናከላል፣ በሚሄድበት ጊዜ የእግሩ ፊት መሬቱን ጠፍ ጠፍ ያደርጋል፣ መንጋጋውን ይዞ ያለቅሳል፣ ለቀናት ዓይነ ምድር አይወጣውም። እነዚህ ሁሉ የነርቭ ምልክቶች ናቸው። እናት ይህን ስታይ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ትንገር። ልጁ ለፈንገስ ኢትራኮናዞል የመሰለ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነም ትንገር፤ ቪንክርስቲን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ጉዳቱን ያከብደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የያዘኝ መደንዘዝ ከኬሞ ነው ብሎ ቤት መቀመጥ የማይገባበት ጊዜ አለ። አንድ እግር ብቻ በድንገት ከደከመ፣ የጀርባ ሕመም መጥቶ ሌሊት ሌሊት ከባሰ፣ ሁለቱ እግሮች በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ መሸከም ካቃታቸው፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካስቸገረ፣ በሁለት እግር መካከል ያለው አካል ከደነዘዘ፣ ዕጢው የአከርካሪ ገመድን ተጭኖ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው ዙር እስኪደርስ አይጠበቅም፣ የቀጠሮ ቀን አይታይም፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፣ ያውም የካንሰር ታካሚ መሆንን በሩ ላይ በመናገር።